ጋሽ ከድር ያለበሳት ጂፕ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ግን ለጠየቃት ሁሉ «አሥራ ሰባት ናት» ትል ነበር። በዚያ ዘመን ጎባ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ የሞላት ያላገባች ልጅ ያለቻት እናት ዕድሜ ትቀንሳለች እንጂ ሌላ ምን ታደርጋለች? ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የቀለም ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን እዚህ ሮቤ ጎረቤታችን የግቢውን በር ሲያስቀባ፣ በቤንዚን የቀጠነው ቀለም ሽታው አጥሩን ዘሎ ገባና እኔን ከተቀመጥኩበት በረንዳ አንስቶ ጎባ አደረሰኝ። ባለቤቴ ጀማል «ዘሀራ፣ ብቻሽን የምትስቂው ምን አግኝተሽ ነው?» አለኝ። «ያቺ ጂፕ» አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅም ሳይታወቀው ቀኝ እጁን ወደ ካፖርቱ እጅጌ ሰበሰበ። ለምን እንደሰበሰበ እደርስበታለሁ።

ጋሽ ከድር የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበር። አባቴ የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ስለሞተ ያሳደገኝም፣ ሙያ ያስያዘኝም እሱ ነው። ከጎባ ገበያ ከፍ ብሎ ሦስት የስፌት መኪና ያላት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ነበረችው። ያኔ ወንዱ ሁሉ ሱሪው ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል ይከፈት ነበር፤ ቤልቦተም እንለዋለን። ጨርቁን ይዘህ ከመጣህ በአምስት ብር ይሰፋልሃል። ቴትሮን የለበሰ ሰው በበራችን ሲያልፍ ቀና ሳንል እናውቀው ነበር፤ ጨርቁ ይንሿሿል። ሴቱ ሰፊውን ጎግራ ቀሚስ አሰፍቶ በላዩ የአበባ ሻሽ ያስራል። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ፊደል የለቀምኩት ከመሠረተ ትምህርትና ጋሽ ከድር ልብስ ከሚጠቀልልባቸው ጋዜጦች ነው። ቢሆንም የልክ ደብተሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የከተማውን ወንድ ሁሉ ወገብና ትከሻ አውቅ ነበር፤ ማን እንደከሳ፣ ማን ሆድ እንዳወጣ ከሚስቱ በፊት እኔ እሰማለሁ።

ጂፗን ያገኛት ከጦር ሰፈሩ ጀርባ ነው። የመኮንኖቹን የደንብ ልብስ የሚሰፋላቸው እሱ ስለነበር መግባት መውጣቱን ማንም አይከለክለውም። አንድ ቀን ልብስ ሊያደርስ ሄዶ፣ አጥሩ ጥግ ሳማ የወረሳት፣ ጎማ የሌላት፣ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት ጂፕ አየ። ከንጉሡ ዘመን የተረፈች ናት። በሐራጅ ስትወጣ ከእሱ በቀር የቀረበ ሰው አልነበረም፤ በአራት መቶ ብር ወሰዳት። ጥንድ በሬዎች እየጎተቷት ገበያውን አቋርጣ ስትመጣ ሚስቱ እትዬ ሩቂያ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ከድር፣ መኪና ገዛሁ አላልከኝም ነበር?»

«ይኸው!»

«እኔ የማየው ሁለት በሬና አንድ የዛገ ድስት ነው።»

ያንን ድስት መኪና ለማድረግ ስድስት ዓመት ፈጀበት። አዘቦት ቀን ልብስ ይሰፋል፤ ጁምዓ ከሰላት በኋላና እሑድ ሥሯ ይገባል፤ ከደረቱ በታች ያለውን ብቻ ነው የምናየው። ከሥር የሚሸከማትን ባሌስትራ ሮቤ ያለ አንጥረኛ ቀጠቀጠለት፤ የሞተሯን ካንዴላ ከሻሸመኔ በአውቶቡስ ሾፌር አስመጣ። ፍሬኗን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠመ፤ በሦስተኛው አንድ ብሎን ተረፈው። መኪናዋ ትቆማለች፣ ብሎኑም የት እንደሚገባ አይታወቅም። ያችን ብሎን እስኪሞት ድረስ ኪሱ ውስጥ ይዟት ዞሯል። ጣሪያዋን ከአሮጌ የድንኳን ሸራ እኔና እሱ በድርብ ስፌት ሰፋንላት፤ አሥራ አንድ መርፌ ሰበርን።

ቀለሟ ግን የብቻው ነገር ነበር። ገበያ ላይ ያለው አረንጓዴ የበርና የመስኮት አረንጓዴ ነው፤ ጋሽ ከድር እሱን ሲያይ መራራ እንደቀመሰ ሰው ይሆናል። ከወታደር ደንብ ልብስ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ ይዞ፣ ቢጫውን፣ ጥቁሩን፣ ሰማያዊውን በጠብታ እየቀላቀለ፣ ቀብቶ እያደረቀ፣ ጨርቋን ከብረቱ ጋር እያስተያየ ሁለት ወር ፈለገው። አንድ እሑድ ጠዋት ጠራኝ። «ያንቺ ዓይን ጥሩ ነው፤ እስቲ ቁራጯን ጨርቅ ፈልጊልኝ» አለኝ። መሬቱን አየሁ፤ መቀመጫውን አየሁ፤ ከጎማው ሥር አጎነበስኩ። ለካ በጂፗ ጎን ላይ በውሃ አርጥቦ ለጥፏት ኖሯል፤ ዓይኔ ሥር ሆና አላየኋትም። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«ለምን ትሆናለች ታዲያ?» ይሉታል ሰዎች። እህል አይጭንባትም፤ መንገደኛ አያሳፍርባትም። ጁምዓ ከሰላት ሲመለስ የሸፈነባትን ጨርቅ ይገልጣል፣ ጫማውን ያራግፋል፣ ይገባል፤ ሮቤ አድርሷት ይመለሳል። ሲያሰኘው ዲንሾ ድረስ ይዘልቃል፤ ሻይ ይጠጣል፣ መንገድ ዳር የቆመ አጋዘን ካጋጠመው ያያል፣ ይመለሳል። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ጊዜ የወር ኩፖኑን እንዲህ የሚያጠፋ እሱ ብቻ ነው። «ጋሽ ከድር ምን ሊሠራ ዲንሾ ሄደ?» ሲባል እትዬ ሩቂያ «ሊመለስ» ትላለች። በቀደም የልጅ ልጄ በስልኩ፣ በሌላ አገር አሮጌ የጦር መኪና አድሰው የሚነዱ ሰዎች ሜዳ ላይ ተሰብስበው መኪናቸውን እንደ ሙሽራ ሲያሳዩ አሳየኝ። «ማኅበር አላቸው እኮ፣ አያቴ» አለኝ። የእኛው ሰው ያለ ማኅበር፣ ብቻውን፣ ሜትር አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነበር።

ቀለሟን እንዲለውጥ ያልነገረው የለም። የቀበሌው ጸሐፊ ሦስት ጊዜ መጣ። «ጓድ ከድር፣ ይህች መኪና ሰው ታደናግራለች። ቀለም ቀይርላት» አለው።

«ጓድ፣ ያን ሁሉ ወር የለፋሁት ላደናግር አይደለም። የተወለደችበትን ልብስ ነው ያለበስኳት። እሷን ከምታስገፍፈኝ እኔን ቆዳዬን ግፈፈኝ።»

ጸሐፊው ራሱ ጋሽ ከድር የሰፋለትን ኮት ለብሶ ነበርና ብዙም አልጨቀጨቀው። ቀስ በቀስ ከተማው ለመዳት። ልጆች «የከድር ጂፕ! የከድር ጂፕ!» እያሉ ይሮጡላታል እንጂ ወታደር መጣ ብሎ የሚደነግጥ አልነበረም። እኛም አረንጓዴነቷን ማየት አቆምን። ያ መልመዳችን ነው በኋላ ጉድ ያፈላብን።

ጀማል የሪራ ልጅ ነው፤ የሐረና ጫካ ማር ነጋዴ። ረቡዕ ረቡዕ ከጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ ሳኔቲን ተሻግሮ ጎባ ገበያ ይመጣል። ረቡዕ ጂፗ ተሸፋፍና ግቢ ስለምትውል ዓይኑን ጥሎባት አያውቅም። አንድ ቀን ኮት ሊያሰፋ መጣ፤ ግራጫ ሱፍ ይዟል። ስለካው አንድ እጁ ከሌላው በሁለት ጣት ይበልጣል። «ምን ሆኖ ነው?» ስለው «ዛፍ ላይ ከቀፎ ማር ስቆርጥ በአንድ እጅ ስለምንጠለጠል ነዋ» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩና ደብተሬ ላይ «ግራ፣ ሁለት ጣት» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ የሚለካ ነገር ሳይኖረው መጣ። ከዚያም በላዩ ሌላ ረቡዕ። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ፤ ኮቱም የሰርግ ኮት ሆነ።

ችግሩ ጊዜው ነበር። ሽማግሌ ከላከ በኋላ አፈሳው በረታ፤ ወጣት ወንድ ለውትድርና ከገበያም፣ ከኬላም የሚታፈስበት ጊዜ ሆነ። በደህና ቀን ቢሆን ሙሽራው ፈረሰኞቹን አስከትሎ፣ በጭፈራ ሊወስደኝ ይመጣ ነበር። አሁን ግን ሃያ ጎረምሳ አንድ ላይ ኬላ ላይ ሲደርስ ሰርግ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሎች ተመካከሩ፤ የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ ጎባ በወኪል ይታሰር፣ ሙሽራዋን እኛ እናድርስ ተባለ። እናቴ አለቀሰች።

«ሙሽራ በእግሯ ሄዳ ባሏ ቤት ስትገባ የት አገር ታየ?»

«በእግሯ ማን አለ?» አለ ጋሽ ከድር። «በጂፕ ነው እንጂ!»

ወኪል ሆነው የመጡት የጀማል አጎት ረቡዕ በጭነት መኪና ተመልሰው «ሙሽራዋን እሑድ አጎቷ በመኪናው ያመጣታል» ብለው ለመንደሩ ተናገሩ። ምን ዓይነት መኪና ብሎ የጠየቀ የለም። እኛም መናገር እንዳለብን አልመጣልንም።

እሑድ በጠዋት ተነሳን፤ ጋሽ ከድር መሪ ላይ፣ እትዬ ሩቂያ ከጎኑ፣ እኔ በሮዝ ቀሚሴ ላይ ተከናንቤ ከኋላ፣ የጀማል ኮት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። ከጎባ መውጫ ኬላው ላይ የነበረው ወታደር ከሩቅ ሲያየን ገመዱን አነሳና ቀጥ ብሎ በወታደር ሰላምታ ተቀበለን። ጋሽ ከድር ግራ ገባውና እሱም ሰላምታ መለሰ፤ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ማውረድ ረስቶት ነበር። እትዬ ሩቂያ እስከ መጀመሪያው ዳገት ድረስ «ኮሎኔል ከድር! ሻለቃ ጦርዎን ከኋላ ጭነዋል!» እያለች አሾፈችበት። ያን ጊዜ ከሳቅ በቀር ምንም አልታየንም።

ሳኔቲ ላይ ጉሙ ከጎማችን ሥር ይጎርፋል። ረዥሙ የጅብራ ተክል እዚህም እዚያም እንደ ቆመ ሰው ይታያል፤ አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ በንቀት አየን። ሞተሯ ሲግል ጋሽ ከድር ይቆምና ኮፈኗን ከፍቶ ያናፍሳታል፤ እንደ ደከመ ፈረስ ጎኗን መታ መታ ያደርጋታል። እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ደስ ብሎኝ ነበር። አጎቴም ደስ ብሎት ነበር፤ ጂፗ እንዲያ ከፍ ብላ ወጥታ አታውቅም።

ከደጋው ወርደን ጫካው ሲጀምር፣ የመጨረሻውን ጠመዝማዛ ስንዞር ሪራ ከነጭሱ ታየችን። ዳሱ ተጥሏል፤ የጄሪካን ከበሮ ይሰማል። ጋሽ ከድር ለደስታው ብሎ ክላክሱን ለቀቀው። ከበሮው ቆመ። ቀጥሎ አንድ ጩኸት፤ ከዚያ ደግሞ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው የብዙ እግር ድምፅ። መንደሩ ስንደርስ ወንድ የሚባል የለም። ድስት እሳት ላይ ይንተከተካል፤ ከበሮው መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ከዳሱ በር አንድ እግር ጫማ ወድቋል። ጫካው ውስጥ ቅርንጫፍ ሲሰበር ይሰማል፤ እየራቀ ሄደ።

አንዲት ቀጭን አሮጊት ከዳሱ ወጥተው ጂፗ ፊት ለፊት ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉ።

«ኢልመ ሂን ቀቡ! ልጅ የለኝም፣ ጌታዬ! ወላሂ ወንድ ልጅ ወልጄ አላውቅም! እዚህ ቤት ሴት ብቻ ነው!»

ጋሽ ከድር መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እትዬ ሩቂያ «ያ አላህ! ከድር፣ ሙሽራ ነው ወይስ አዋጅ ነው ይዘህ የመጣኸው?» አለች። ሙሽራ አትናገርም፤ አውቃለሁ። እኔ ግን አንደበቴ ቀደመኝ።

«እናቴ፣ ወንድ ልጅ ከሌለዎት ታዲያ እኔን ለማን ነው ያጩኝ?»

አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው በሸራው ቀዳዳ አዩኝ፤ ሮዙን ቀሚሴን፣ ሒና የተቀባ እጄን። አማቴ ነበሩ። መሬት ላይ ቁጭ አሉና ራሳቸውን ይዘው ይስቁ ይሁን ያልቅሱ ሳይለይ «ወይኔ! ሙሽራዬን አባረርኩ! ልጄንም አባረርኩ!» አሉ።

አሁን ጭንቁ እሱን መመለስ ሆነ። ባለፈው አፈሳ የሪራ ወንዶች ከጫካ የወጡት በስድስተኛው ቀን ነው አሉን። ሙሽራ ደግሞ ሙሽራው የሌለበት ቤት አትገባም፤ ከደጅ ከተመለሰች «የተመለሰች» የሚለው ስም ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። እናቴ ያለቀሰችው ለዚህ ነበር። አማቴ ወደ ጫካው «ሰርግ ነው! ተመለሱ!» ብለው ተጣሩ፤ ማን ያምናል? ያለፈው ጊዜም እንዲያ ተብለው ነው የተያዙት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጸጥ። ጋሽ ከድር ሳያስብ ክላክሱን ሲነካ እትዬ ሩቂያ እጁን መታችው።

ከዚያ ከመሪው ወረደና የሸራውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። አሥራ አንድ መርፌ የሰበርንበትን ጣሪያ ጠቅልሎ መሬት ላይ ጣለው። እኔ ሰው ሁሉ እያየኝ ገላጣ ላይ ቀረሁ። «ዘሀራ፣ ተነስተሽ መቀመጫው ላይ ቁሚ፤ ይዩሽ» አለኝ። ቆምኩ። የጉም ቁራጭ ዛፎቹ መሃል ያልፋል፤ ዓይን ግን እንዳለ ይሰማኛል። ጀማል ድምፄን ቢሰማ ይመጣል ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞም «ወታደሮቹ ሴት አስገድደው እያስጠሩኝ ይሆናል» ይላል ብዬ ፈራሁ። ወታደር የማያውቀው፣ እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው ምን አለ? ጭኔ ላይ የነበረውን ጥቅል አየሁ። የባል ስም ጮክ ብሎ መጥራት ለሙሽራ ነውር መሆኑን እያወቅኩ፣ ኮቱን ከጋዜጣው አውጥቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩና፦

«ጀማል! ኮትህ ደርሷል! ግራ እጅህ በሁለት ጣት ይረዝማል!»

ከዚያ ከጫካው ውስጥ፣ ከላይ፣ ከዛፍ ላይ አንድ የተቆጣ ድምፅ መጣ።

«ቀኙ ነው የሚረዝመው!»

መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ስለለካሁት ቀኙን በእኔ ግራ ጽፌው ኖሯል፤ ዓይኔ ከእጁ ይልቅ ፊቱ ላይ ነበር፣ አልዋሽም። ጀማል ወጣ፤ በነጭ ልብሱ ላይ ከቅርንጫፍ ያራገፈው የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት፣ አንድ እግሩ ጫማ የሌለው፣ የተጠለለበት ዛፍ ቀፎ የተሰቀለበት ስለነበር አንድ ዓይኑን ንብ ነድፋው ያበጠ። ኮቱን አለበስኩት። ግራ እጁ እጅጌው ውስጥ ጠፋ፤ ቀኙ እስከ አንጓው ራቁቱን ቀረ። የዚያን ቀን እንግዳ ሲጨብጥ ቀኝ እጁን እየሰበሰበ ነው። እስከ ዛሬም ሲስቅ ይሰበስበዋል።

ምሳ ላይ ሁሉም ተመልሶ ጨዋታው ደራ። አማቴ ከሰው መሃል ተነስተው ጂፗ ዘንድ ሄዱ፤ ጎኗን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ጋሽ ከድርንም ጠሩት።

«ልጄ፣ ይህን ቀለም ማን ነው የቀባት?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«እጅህ ይባረክ። ቁርጥ እነሱን አድርገህ ሠርተሃታል። ከልጆቻችን ያላሳተችው አንድ እንኳ የለም!»

ስድስት ዓመት ሙሉ ከማንም ያልሰማው ምስጋና ነው። ሙያውን ያየለት ሰው አገኘ። «አሚን» ብሎ ወደ ዳሱ ተመለሰ፤ የቀረበለትን ግን አልበላም። እትዬ ሩቂያ የቻለችውን ሁሉ ብትቀልድ አልሳቀላትም። አመሻሹ ላይ ጂፗን ከዳሱ ኋላ ወስዶ፣ ሸራውን መልሶ አለበሳትና ጋቢውን ደርቦባት ተኛ።

በማግስቱ ጎባ ተመለሱ። ጋሽ ከድር ማክሰኞ ዕለት ስፌት ቤቱን ሳይከፍት ገበያ ወጥቶ አራት ቆርቆሮ ሰማያዊ የበር ቀለም ገዛ። በቤንዚን አቅጥኖ፣ በእጁ ብሩሽ ይዞ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀባት። እትዬ ሩቂያ በኋላ እንደነገረችኝ ማንንም አላስጠጋም፤ እሷንም ጨምሮ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሳኔቲን ተሻግሮ ሊጠይቀን መጣ፤ የጀማልን ኮት እጅጌ ሊያስተካክል መቀሱንና መርፌውን ይዟል። ክላክሱን አልነካውም። ከመንደሩ ማንም አልሮጠም። ጂፗን ዳሱ በነበረበት አቁሞ ሞተሯን ሊያናፍስ ኮፈኗን ከፈተ፤ የኮፈኗ ውስጥ እንደ ድሮው አረንጓዴ ነበር። አማቴ እርጎ ይዘው ሲመጡ አየና ዘጋው።